ከደረጃ ሥር ያለው የስልክ ማዕከል

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በቸርችል ጎዳና በሚገኝ አንድ ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ውስጥ ስልክና ኔትወርክ በመጠገን የምተዳደር ሠራተኛ ነኝ። ሕንፃውን የተከራዩት ጠበቆች፣ የጉዞ ወኪሎች፣ አንድ የጥርስ ክሊኒክ፣ ልብስ ሰፊዎችና አስመጪዎች ሲሆኑ፣ 72 የውስጥ ስልኮች አሉት። ሁሉም የገመድ ስልኮች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ከተገዙ ሃያ ዓመት ቢያልፋቸውም ዛሬም ድምፃቸው ጥርት ያለ ነው። ከአንድ ዓመት ተኩል በፊት የሕንፃው አስተዳደር አርጅቶ መለዋወጫ የጠፋለትን ፒኤቢኤክስ፣ ማለትም የሕንፃውን የውስጥ ስልኮች እርስ በርስና ከውጭ መስመር ጋር የሚያገናኘውን መሣሪያ አንሥቶ ወደ ኢንተርኔት ስልክ ለመዛወር ሲወስን፣ ስልኮቹን ግን አልጣለም፤ በስልኮቹና በኔትወርኩ መካከል አዳፕተር አስገባ። ውሳኔው ትክክል ነበር፤ ዛሬም እደግፈዋለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ሥራው ሲጠናቀቅ ማንም ያልነገረንን፣ እኛም ያልጠየቅነውን ነገር ተመሳሳይ ሥራ የሚያስቡ የሕንፃ ባለቤቶች አስቀድመው እንዲያውቁት ነው።

አዳፕተር ሲባል ብዙ ሰው የሶኬት መቀየሪያ ይመስለዋል። እኔ የምናገረው ባለሙያዎች ኤቲኤ ስለሚሉት፣ በአንድ ወገኑ የተለመደው የስልክ ገመድ፣ በሌላው ወገኑ የኔትወርክ ገመድ ስለሚሰካበት መሣሪያ ነው። ለቤት የሚሆነው አንድ ወይም ሁለት ስልክ የሚይዝ ትንሽ ሳጥን ነው፤ ለሕንፃ የሚሆነውና ጌትዌይ የሚባለው ደግሞ 24 እና ከዚያም በላይ ስልኮችን ይይዛል። እኛ ባለ 24 የሆኑ ሦስት ጌትዌዮች ከምድር ቤቱ ደረጃ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀምጠናል።

የገመድ ስልክ በራሱ የሚያደርገው ነገር በጣም ጥቂት ነው። የሚሠራበትን ኤሌክትሪክ እንኳ ከግድግዳው አይወስድም፤ ከስልክ ማዕከሉ በሁለት የመዳብ ሽቦዎች 48 ቮልት ይላክለታል፤ ሲጠራም ደወሉን የሚያንቀሳቅሰው ወደ 90 ቮልት የሚጠጋ ኃይል ከዚያው ይመጣለታል። እጀታው ሲነሣ የሚሰማውን ድምፅ የሚሰጠው፣ የተጫኑትን ቁጥሮች የሚያነበው፣ ቁጥሩ ማለቁን የሚያውቀው፣ ማን ወዴት መደወል እንደሚችል የሚወስነውም ማዕከሉ ነው። አዳፕተር ሲገባ ይህ ሁሉ ሥራ ከማዕከሉ ተነሥቶ ከደረጃ ሥር ወዳለችው ክፍል ይመጣል። ስለዚህ አዳፕተር ያስገባ የሕንፃ ባለቤት ያወቀውም ያላወቀውም የስልክ ማዕከል ባለቤት ሆኗል ማለት ነው። እኛ ይህን የተረዳነው ከጊዜ በኋላ ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት፣ ከስድስት ሰዓት በኋላ፣ ተረኛ የነበሩት የጥበቃ ሠራተኛ ከልብስ ስፌት ክፍሎቹ አቅጣጫ ጭስ ይሸታቸዋል። የጥበቃ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስልክ አንሥተው ወደ እሳት አደጋ፣ ወደ 939 ይደውላሉ። ስልኩ ጥቂት ዝም ካለ በኋላ የተያዘ መስመር ድምፅ ያሰማል። ደግመው ይደውላሉ፤ ያው ነው። የእጅ ስልካቸው ባትሪ አልቆ ስለነበር ወደ ጎዳናው ሮጠው ወጥተው የጎረቤት ሕንፃ ጠባቂ እንዲደውልላቸው ለመኑ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ የተቃጠለው አንድ ማከፋፈያና ጥቂት ጨርቅ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ጠዋት ስገባ እኚህ ሽማግሌ በር ላይ ጠብቀውኝ «ልጄ፣ ስልኩ ምነው ከዳኝ?» አሉኝ። ያን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ምክንያቱን ለማግኘት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። በብዙ መሥሪያ ቤቶች እንደሚደረገው ሁሉ በሕንፃችንም ከሕንፃው ውጭ ለመደወል አስቀድሞ 9 ይጫናል። ጌትዌዩ ውስጥ የተጻፈው የአደዋወል ሕግ፣ ከፊት የመጣውን 9 ጥሎ የቀረውን ወደ ውጭ እንዲልክ የሚያዝ ነበር። በመሆኑም ጥበቃው 939 ሲጫኑ ከሕንፃው የወጣው 39 ብቻ ነው። ወደ ፖሊስ 991 የደወለ ሰውም 91 ብቻ ይወጣለት ነበር። ከሁሉ የከፋው የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር የሆነው 907 ነው፤ ከፊቱ 9 ሲነሣለት 07 ይቀራል፣ 07 ደግሞ የሞባይል ቁጥር መነሻ ስለሆነ ጌትዌዩ የቀሩትን ስምንት አሃዞች እጠብቃለሁ ብሎ ዝም ይላል። በሽተኛ ይዞ የሚደውል ሰው ያን ዝምታ ምን ብሎ ይተረጉመዋል?

በአሮጌው ፒኤቢኤክስ ላይ ይህ ችግር አልነበረም፤ ከዓመታት በፊት አንድ አስተዋይ ሰው እነዚህን ቁጥሮች ለይቶ አስገብቷቸው ነበር። አዲሱን ሥርዓት የገጠመልን ድርጅት ከአሮጌው ላይ የውስጥ ቁጥሮችን ብቻ ቀድቶ የቀረውን ተወው፤ እኛም ተረክበን ስንፈርም አልሞከርነውም። ማስተካከያው የአሥር ደቂቃ ሥራ ሆነ፦ 939፣ 991 እና 907 እንደተጫኑ እንዲወጡ፣ ከልማድ የተነሣ 9 አስቀድሞ 9939 ለሚጫን ሰውም እንዲሁ እንዲወጡለት ሁለቱንም መንገድ ጻፍኩ። ከዚያም ከእያንዳንዱ ፎቅ ሞከርኩ፤ የአደጋ ጊዜ ሠራተኞችን ላለማስቸገር በጌትዌዩ መዝገብ ላይ የወጣውን ቁጥር እያየሁ ጥሪው ሳይያያዝ ዘጋሁ፤ በመጨረሻም አንድ ጊዜ ብቻ እውነተኛ ጥሪ አድርጌ ሙከራ መሆኑን ወዲያው ነገርኩ። በዚህ አጋጣሚ ሌላም ነገር ተረዳሁ፦ ከየትኛውም ፎቅ ቢደወል በተቀባዩ ዘንድ የሚታየው የሕንፃው ዋና ቁጥር ብቻ ነው። ስለዚህ አሁን በየስልኩ ላይ የሕንፃው አድራሻ፣ የፎቁና የክፍሉ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ለጥፈናል፤ የደነገጠ ሰው ያለበትንም ሊረሳ ይችላልና።

የአደዋወል ሕግ አንድ ጊዜ ተጽፎ የሚተው ነገር አይደለም። በ1998 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ቁጥሮች ከስድስት አሃዝ ወደ ሰባት አድገው መለያቸው 011 ሲሆን የየመሥሪያ ቤቱ ፒኤቢኤክስ ሁሉ መስተካከል እንደነበረበት የዕድሜ እኩዮቼ ያስታውሳሉ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. አገልግሎት ሲጀምር በ07 የሚነሡ የሞባይል ቁጥሮች መጡ፤ 09 ብቻ እንዲያውቅ የተዘጋጀ መሣሪያ እነዚህን «የተሳሳተ ቁጥር» ብሎ ይመልሳቸዋል። እኔ ራሴ የሌላ አገር የአደዋወል ሕግ እንደተጫነበት የመጣ፣ ሰባተኛው አሃዝ ላይ ቁጥሩ አለቀ ብሎ ለመደወል የሚጣደፍ አዳፕተር ገጥሞኛል። የእኛ ቁጥር አሥር አሃዝ መሆኑን፣ የአጭር ቁጥሮቹ ርዝመት ደግሞ እንደሚለያይ ለመሣሪያው የሚነግረው ሰው ያስፈልጋል።

ቀጥሎ የማነሣው የመብራት ጉዳይ ነው። በድሮው መስመር መብራት ሲጠፋ ስልክ አይጠፋም ነበር፤ ማዕከሉ ባትሪና ጄኔሬተር ስለነበረው በጨለማ ውስጥም ቢሆን እጀታው ሲነሣ ያ የታወቀ ድምፅ ይሰማል። አሁን ግን አዳፕተሩ፣ የኔትወርክ ገመዶችን የሚያገናኘው ስዊችና የኢንተርኔቱ ሞደም ሦስቱም ከግድግዳው ሶኬት የሚበሉ ናቸው፤ ከሦስቱ አንዱ ከጠፋ ሁሉም ስልክ ይጠፋል። ቤታቸው ፋይበር ገብቶላቸው የቤት ስልካቸውን ከሞደሙ ጀርባ የሰኩ ቤተሰቦችም በዚሁ ሁኔታ ላይ እንዳሉ ቢያውቁ መልካም ነው፤ በተለይ አረጋውያን ወላጆች ብቻቸውን የሚኖሩበት ቤት ከሆነ።

መፍትሔው ውድ አይደለም። የአንድ ቤት አዳፕተርና ሞደም ከትንሽ ስዊች ጋር ተደምረው 30 ዋት ገደማ ቢወስዱ፣ ባለ 12 ቮልት 9 አምፒር ሰዓት ባትሪ 108 ዋት ሰዓት ያህል ስለሚይዝ፣ በመንገድ የሚባክነው ተቀንሶ ከሁለት ሰዓት በላይ ያቆያቸዋል። ለባለ 24ቱ ጌትዌይ ከዚህ የሚበልጥ ያስፈልጋል፤ ሁሉም ስልክ በአንድ ጊዜ ሲነሣ ፍጆታው ከፍ ይላልና ስሌቱ በዚያ መሆን አለበት። ማሳሰብ የምፈልገው መብራት ሲጠፋ ከባትሪው ኃይል የሚሰጠውን ዩፒኤስ ለኮምፒውተሩ ብቻ ሰጥቶ ሞደሙን ግድግዳ ላይ የመተውን ልማድ ነው። በእኛም ሕንፃ እንዲሁ ሆኖ ነው ያገኘሁት፤ ጌትዌዮቹ በባትሪ ሲበሩ የፋይበሩ ሞደም ሌላ ፎቅ ላይ ጠፍቶ ነበር። የዩፒኤስ ባትሪም ያረጃል፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ሶኬቱን ነቅሎ በሰዓት መለካት ተገቢ ነው።

ገመድ የሚያገናኙ ወጣት ባልደረቦቼን በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ከጎዳናው የሚመጣው የድሮው መስመር ከሳጥኑ ላይ ሳይቋረጥ የአዳፕተሩን የስልክ ቀዳዳ በዚያው ገመድ ላይ አትስኩ። አዳፕተሩ ኤሌክትሪክ ሰጪ ነው፤ መስመሩም ኤሌክትሪክ ሰጪ ነው፤ ሁለቱ ሲጋጩ የሚቃጠለው አዳፕተሩ ነው። መጀመሪያ በሜትር መለካት፣ ገመዱ ባዶ መሆኑን ማረጋገጥ፣ ከዚያ መሰካት። ባለ ክብ መደወያ የሆኑ የድሮ ስልኮችንም ብዙዎቹ አዳፕተሮች አይረዷቸውም፤ የሚረዳውን አጣርቶ መግዛት ያሻል።

ድምፁን በተመለከተ ብዙው ቅሬታ የሚመነጨው ከስልኩ ሳይሆን ከኢንተርኔቱ አያያዝ ነው። ጂ 711 የተባለው ያልታመቀ የድምፅ አሠራር በሰከንድ 64 ኪሎቢት ይወስዳል፤ ድምፁ በሰከንድ 50 ጊዜ እየተቆረጠ ሲላክ በየቁራጩ ላይ የሚለጠፈው አድራሻ ሲታከልበት በአንድ ጥሪ ከ80 ኪሎቢት ያልፋል። ሠላሳ ሰው በአንድ ጊዜ ቢነጋገር በመላኪያውም በመቀበያውም ወገን ወደ 2.6 ሜጋቢት ይፈልጋል ማለት ነው። ይህ ለዛሬ መስመር ብዙ አይደለም፤ ነገር ግን በዚያው መስመር ላይ አንድ ተከራይ ትልቅ ፋይል ሲልክ ድምፁ ይቆራረጣል፤ ስለዚህ ራውተሩ ለድምፅ ቅድሚያ እንዲሰጥ መደረግ አለበት። ጂ 729 የተባለው የታመቀው አሠራር ቦታ ይቆጥባል፤ ፋክስ ግን ያበላሻል። የጠበቆቻችን ፋክስ ገጹን አጋምሶ ሲቆም የነበረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ያን አንድ መስመር ለይቼ ወደ ጂ 711 መልሼ፣ ለፋክስ የተዘጋጀውን ቲ 38 የተባለ አሠራርም ከፍቼ ተስተካከለ።

የጥርስ ክሊኒኩ ችግር ግን ከዚህ ሁሉ የበለጠ አሳዝኖኛል። ለሦስት ሳምንት ያህል ታካሚዎች «ስልካችሁ አይሠራም» እያሉ በአካል ይመጡ ነበር፤ የክሊኒኩ ሠራተኞች ደግሞ ስልኩን አንሥተው ሲደውሉ ይሠራል፤ ስለዚህ ማንም ለእኔ አልነገረኝም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አዳፕተሩ «እዚህ አለሁ» ብሎ ጥሪዎችን በሚያስተናግደው ኮምፒውተር፣ በሰርቨሩ ዘንድ የሚመዘገበው በየሰዓቱ ነበር። በመካከል ያለው ራውተር ግን ለጥቂት ጊዜ ምንም ካላለፈበት የመመለሻውን መንገድ ይረሳዋል። ከውጭ ጥሪ ሲመጣ በሩ ተዘግቶ ይጠብቀዋል፤ ከውስጥ ሲደወል በሩ እንደገና ይከፈታል። አዳፕተሩ በየ30 ሰከንዱ ትንሽ ምልክት እንዲልክ ሳዝዘው ችግሩ በዚያው ቀን ቀረ። ስልክ መሥራቱን የምንፈትነው ራሳችን ደውለን ብቻ ከሆነ ግማሹን ነው የፈተንነው፤ ከውጭ ሆኖ የሚደውልልን ሰው ያስፈልገናል።

አሁን እጅግ ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ፤ እርሱም የይለፍ ቃል ነው። አዳፕተር ከፋብሪካ ሲወጣ የብዙዎቹ የይለፍ ቃል አንድ ዓይነት ነው፤ መመሪያው ላይም ታትሞ ይገኛል። ይህን ሳይቀይሩ መሣሪያውን ለኢንተርኔት ማጋለጥ በር ከፍቶ እንደመተኛት ነው። በዓለም ዙሪያ የኢንተርኔት ስልክ የሚቀበልበትን 5060 የተባለውን በር ቀንና ሌሊት እያንኳኩ የሚዞሩ ፕሮግራሞች አሉ። ከገቡ የሚያደርጉት አንድ ነገር ነው፤ በሌላ ሰው ሒሳብ ወደ ውጭ አገር፣ በተለይ በደቂቃ ብዙ ወደሚያስከፍሉ ቁጥሮች ይደውላሉ፤ ይህንንም የሚያደርጉት ቢሮ በሚዘጋበት ቅዳሜ ሌሊትና እሑድ ነው። አንድ የማውቀው ድርጅት ሰኞ ጠዋት የደረሰበትን ዕዳ ሲያይ የሒሳብ ሹሟ እንባዋ እንደመጣ በዓይኔ አይቻለሁ።

ጉዳቱ በገንዘብ ብቻ አያበቃም። ያለ ፈቃድ የቴሌኮም አገልግሎት መስጠትም ሆነ ዓለም አቀፍ ጥሪን ከተፈቀደው መሠረተ ልማት ውጭ ማሳለፍ በቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 በጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ነው። የእኛ ስልኮች ጥሪ ከሕንፃው የሚወጣው ፈቃድ ካለው አገልግሎት ሰጪ በውል በተወሰደ መስመር ብቻ ነው። ነገር ግን ጌትዌዩ ክፍት ከሆነ የማናውቃቸው ሰዎች ጥሪ በእኛ ስም በእኛ መስመር ያልፋል፤ ያን ጊዜ «አላውቅም ነበር» ማለት ምን ያህል እንደሚያድን ማንም ሊፈትነው አይገባም። ስለዚህ የመሣሪያዎቹ ማስተዳደሪያ ገጽ ከሕንፃው ውስጥ ብቻ እንዲከፈት አደረግሁ፤ ጌትዌዮቹ ከራሳችን ሰርቨር በቀር ከማንም ጥሪ እንዳይቀበሉ አዘዝኩ፤ ወደ ውጭ አገር መደወል ለሚያስፈልጋቸው ስድስት ስልኮች ብቻ ፈቅጄ በሌሎቹ ላይ ዘጋሁ። የጉዞ ወኪሎቹ መጀመሪያ ቅር ብሏቸው ነበር፤ ምክንያቱን ሳስረዳቸው ተቀበሉት።

ይህን ሁሉ ለመሥራት ግን በመጀመሪያ ወደ መሣሪያው መግባት ነበረብኝ፤ መግባት ደግሞ አልቻልኩም። የገጠመልን ድርጅት የይለፍ ቃሉን ለራሱ ይዞ ሄዷል። ስደውል ሠራተኛው ለቋል፤ ደብዳቤ ስጽፍ መልስ የለም። ከእሳቱ ሌሊት በኋላ ስለ 939 ያረምኩትም አስተዳደሩ ለሰባት ተከታታይ ሰዓታት ሲወተውታቸው ቆይቶ የይለፍ ቃሉን በስልክ ስለነገሩን ነው። የገዛ ገንዘባችን የተከፈለበት፣ ከገዛ ደረጃችን ሥር ያለ መሣሪያ ቁልፉ በሌላ ሰው ኪስ ነበር። ጌትዌዮቹ የአሠራር ፋይላቸውን ኃይል ባገኙ ቁጥር ከድርጅቱ ሰርቨር ላይ በኢንተርኔት የሚያወርዱ ሆነው ስለተዘጋጁ፣ እኔ ያረምኩት የአደዋወል ሕግ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ወደ ድሮው ተመልሶ አገኘሁት። 939 ለሁለተኛ ጊዜ ጠፋ ማለት ነው። ይህን የደረስኩበት በሙከራ እንጂ ሌላ እሳት ተነሥቶ ባለመሆኑ ፈጣሪን አመሰግናለሁ። አሁን ፋይሎቹ በራሳችን ሰርቨር ላይ ናቸው፤ የእያንዳንዱ ፋይል ስም የመሣሪያው መለያ ቁጥር ሲሆን፣ የተደረገው ለውጥ ሁሉ ቀኑና ምክንያቱ ተጽፎ ይቀመጣል። ፋይሎቹ የየስልኩን የይለፍ ቃል ስለሚይዙ የሚተላለፉት በተመሰጠረ መንገድ ብቻ ነው።

ከዚህ ተነሥቼ የሕንፃ ባለቤቶችን የምጠይቀው፣ ሥራውን አስረክበን ጨርሰናል ሲባሉ የመጨረሻውን ክፍያ ከመክፈላቸው በፊት የማስተዳደሪያውን የይለፍ ቃል በታሸገ ፖስታ እንዲረከቡ፣ የአሠራር ፋይሎቹን ቅጂና የትኛው ሽቦ ወደ የትኛው ክፍል እንደሚሄድ የሚያሳየውን ዝርዝር እንዲቀበሉ፣ 939ን፣ 991ንና 907ን ገጣሚው ፊታቸው እንዲፈትንላቸው፣ መብራቱንም አጥፍተው ስልኩ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ እንዲያዩ ነው። በውሉም ላይ ከዚያ በኋላ መሣሪያውን የሚያስተዳድረው ማን እንደሆነ በስም ይጻፍ። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንም ለእንዲህ ያለው የሕንፃ ውስጥ የስልክ ሥራ የርክክብ ቅጽ በአማርኛ አዘጋጅቶ ቢያሰራጭ፣ በተለይ የአደጋ ጊዜ ቁጥሮች ሙከራ የቅጹ አካል እንዲሆን ቢያደርግ፣ ገጣሚውም አስገጣሚውም ከምን መጀመር እንዳለባቸው ያውቃሉ።

እኔ በበኩሌ ለሕንፃችን ያዘጋጀሁትን የአራት ገጽ የሙከራ ዝርዝር፣ የይለፍ ቃሎቹንና የውስጥ አድራሻዎቹን ከውስጡ ሰርዤ፣ ለሚፈልግ ሁሉ በነፃ ለመስጠት ዝግጁ ነኝ፤ ለዝግጅት ክፍሉም አንድ ቅጂ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ልኬአለሁ። ቀጣዩ ሙከራችን በወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። የመጀመሪያውን ጥሪ የሚያደርጉት ከጥበቃ ጠረጴዛው ሆነው እኚያው አባት ናቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የስልክና ኔትወርክ ጥገና ሠራተኛ
ቸርችል ጎዳና፣ አዲስ አበባ